የተልባ ሐይቅ

ባለቤቴ ዝናው የበርና የመስኮት አናጢ ነው። ባቡር ያየው በስልክ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ከሥራው በተረፈ ጣውላ ላይ ትንሽ የባቡር መንገድ ሠራ። ሐዲዱን ከሽቦ፣ ፉርጎዎቹን ከሳርዲን ቆርቆሮ፣ የአምባሰልን ተራራ ከጋዜጣና ከጀሶ አበጀ። የከተማችን ወጣት ማዕከል፣ እንግዶች እንዲያዩት፣ አዳራሹ ውስጥ ሊያስቀምጥለት ተስማማ። የቀረው ባቡሩ በዳሩ የሚያልፍበት ሐይቅ ነበር፤ እሱም እንቅልፍ ነሣው።

መስታወት ቢያደርግ ሰው ፊቱን አየበት። ቫርኒሽ ቢያፈስ ቢጫ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ለጸጉሬ ያፈላሁትን የተልባ ውሃ አጥልዬ ሳስቀምጥ አየው። ሳህኑን ዘንበል ቢያደርገው ውሃው ቀስ ብሎ ተከተለ፤ ብርሃኑም አብሮት ሄደ።

«ይኸው ባሕሬ» አለ።

«ይሸታል እኮ፣ አንተ።»

«ጨው ጣል አደርግበታለሁ።»

ለእይታ የቀረበ ዕለት ሰው ከበበው። ሥሩን ጭቃ ቀለም ቀብቶት ስለነበር፣ ተልባው ሲፈስበት ጥልቀት ያለው መሰለ። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ጣታቸውን ነከሩ። ዝናው ያን ቀን ቁመቱ የጨመረ መሰለኝ።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ። ሐይቁ ከዳሩ ሸሸ፤ መሐሉ ቆዳ ያዘ፤ ዝንብ ተጣበቀበት። አዳራሹ ኮመጠጠ። ጎረቤታችን ዓሣ አጥማጁ ሀምዳን አፍንጫውን ይዞ ገባና በሰው ፊት፣ «ዝናው ወንድሜ፣ ይህ ባሕር የጾም ነው የፍስክ?» አለው። ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ። ባለቤቴ በማንኪያ እየፋቀ ባልዲ ውስጥ ሲከት ቀና አላለም። ባልዲውን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ የምገባበት ጠፋኝ።

የማዕከሉ ኃላፊ ሰብለወንጌል ክፉ አልተናገረችም። «ጋሽ ዝናው፣ ባቡሩ ያምራል፣ ይቀመጥ። የውሃው ቦታ ላይ ግን ሰማያዊ ጨርቅ ይደረግበት፤ ካልሆነ ይነሣልን» አለች። ይከራከራል ብዬ ጠበቅሁ። «እሺ፣ እህቴ» ብቻ አለ።

ቤት ገብቼ ከአሮጌ ሰማያዊ ቀሚሴ ቆረጥሁ፤ ጠርዙን ቀምቅሜ በሐይቁ ቦታ አነጠፍሁት። ባቡሩ አሁንም እዚያው አለ። ዝናው ግን በአዳራሹ በኩል አያልፍም፤ ሥራ ሲጠሩት በኋላ መንገድ ይዞራል። በቀደም የሀምዳን ሚስት አሚናት እጄን ይዛ አዳራሹ አስገባችኝ። ጎንበስ ብላ አየችና፣ «አንቺ፣ ይቺ ለልጄ ሠርግ የለበስሻት ቀሚስ አይደለችም?» አለችኝ።

«ባሕሩ ነው» አልኋት፤ ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ ወጣሁ።