ሁለቱ የወይራ መንገዶች

ትናንት ስልኬ ጮኸ። ለባለቤቴ የሙት ዓመት መታሰቢያ የተከራየሁትን ወንበር የሚያመጣው ሾፌር ነበር። «ሃዛይት መንገድ ላይ ቆሜያለሁ፤ የት ነሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ሃዛይት፣ ማለት የወይራ መንገድ ላይ፣ ፀሐይ አናቴን እየበሳኝ ቆሜያለሁ። ለካ እኔ ሬሆቮት ስሆን እሱ ያለው ጎረቤት ከተማ ቂርያት ዔቅሮን ነው። እዚህ አገር የወይራ መንገድ የሌለው ከተማ የለም፤ አንዱ ግን ሌላውን አይመስልም። ወንበሩ መጣ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ያን የድሮ ቀን ያስታወሰኝም ንዴቱ ነው።

ይኸውልሽ፣ ያኔ ልጃገረድ ነበርኩ። የእኛ የወይራ መንገድ፣ እዚህ ሬሆቮት፣ አንድ የወይራ ዛፍ እንኳ የለበትም። ፎቅ ብቻ ነው። ደረጃው በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ከየመስኮቱ የተሰጣ ልብስ ይንጠባጠባል።

የወደደኝ ልጅ በዚያ ቀን ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቴ ጋቢውን ለብሶ በሩን እያየ ተቀመጠ። ዝምድና እንዳይኖር ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራልና፣ የቅድመ አያቶቹን ስም ለራሱ ያነበንብ ነበር። እኔ ኩሽና ነኝ። ወጡ ሞቀ፣ ቀዘቀዘ፣ እንደገና ሞቀ። ማንም አልመጣም።

«ያላ፣ በሉ፣ እነሱ ካልመጡ እኛ እንብላው!» አለች እህቴ።

«ሽማግሌ እንኳ ማድረስ ያልቻለ፣ ልጄን የት ያደርሳታል?» አለ አባቴ። «ከዚህ በኋላ ቢመጡም በሬን አልከፍትም!»

«ኧረ ቀስ በል፣ ልጅቷ ትሰማለች» አለች እናቴ።

«ትስማ!»

ሰማሁ። የሽንኩርቱን ልጣጭ እየረገጥኩ አለቀስኩ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል በሩ ተንኳኳ። እናቴ ከአባቴ ቀድማ ከፈተች። ሽማግሌዎቹ ላብ አጥምቋቸዋል። «ይቅር ይበሉን ጌታዬ፣» አሉ ታላቅየው፣ «ከቀትር ጀምሮ ሰው ቤት ተቀምጠን ዋልን።»

ልጁ የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር ሲነግራቸው ከተማውን አልነገራቸውም። ለእሱ ከእኔ መንገድ ሌላ የወይራ መንገድ አልነበረማ! የታክሲው ሾፌር ቂርያት ዔቅሮን አወረዳቸው፤ እውነተኛ ወይራ ያለበት፣ ቤቱ ሁሉ ባለ አትክልት የሆነበት መንገድ። አንዲት የየመን አሮጊት ከፈተችላቸው። ቤት የምትጠብቅ ጎረቤት መሰለቻቸው። አባወራው ሳይቀመጥ ጉዳይ አይነሣምና፣ እነሱም ጉዳያቸውን ሳያነሡ ጠበቁ። በአገሩ ቋንቋ «አባ?»፣ አባትየውስ፣ ሲሏት «ቤሰደር፣ ቤሰደር»፣ እሺ እሺ፣ እያለች ሻይ ትደግማቸዋለች። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ልጇ ከሥራ ገብታ ማንን እንደሚጠብቁ ጠየቀች።

«አባቴን? አባቴ ከሞተ ስንት ዓመቱ!» አለቻቸው፤ ወደ እኛ መንገድም የመራቻቸው እሷ ናት።

አባቴ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። «የሞተ ሰው ስትጠብቁ ዋላችሁ?» አለ። ከዚያ ቁጭ ብለው ዘር ቆጠሩ፤ ዝምድና አልተገኘም፤ እኔም ተሰጠሁ።

ባለቤቴ ይህን ሲያወራ ሻይ የምትቀዳዋን ሴት እያስመሰለ ያስቀን ነበር። እኔ ግን ሁልጊዜ እናደድባት ነበር። «ያን ሁሉ ሰዓት ማንን እየጠበቁ እንደሆነ እያወቀች ለምን አላስወጣቻቸውም?» እለው ነበር። እሱ ትከሻውን ይነቀንቃል።

አሁን እሱ ከሞተ በኋላ መልሱን እኔ አገኘሁት። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ፣ ባሏ ይመጣል ብለው ልብሳቸውን አሳምረው በር በሩን የሚያዩ ሰዎች ቤቷ ተቀምጠዋል። እኔም ብሆን ሻይ እደግማቸው ነበር።