ዶሮዎቹ ቡሬ አይደርሱም

ይህ የገጠመኝ ጣሊያን ቡሬ ላይ በሰፈረበት ዘመን፣ በመጋቢት ነው። አሁን አርጅቼም ፀሐዩ ሲከር ያ ቀን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ያኔ ገና ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ ከአርበኞች ጋር በረሃ ስለ ገባ የምኖረው ከአባቱ ጋር ነው። አማቴ ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ። አንድ ጠዋት የአገራችን ጭቃ ሹም መጣና፣ «ለጦር ሰፈሩ ዶሮ አድርሱ ተብላችኋል። ዛሬውኑ፣ ከነሕይወታቸው» አለን። ትእዛዙ የደረሰው ለጥቂት ቤቶች ብቻ መሆኑን ልብ አላልንም።

ዶሮዎቹን አየር በሚያስገባ ሰፊ ቅርጫት አድርገን በአህያ ጭነን ወጣን። ጎረቤታችን ብዙነሽም አብራን ነበረች። የእሷም ልጆች በረሃ ናቸው። ዶሮዎቿን እግራቸውን አስራ በዱላ ቁልቁል አንጠልጥላቸዋለች።

ንፋስ የሚባል የለም። ቀኑ የገበያ ቀን ሆኖ መንገዱ ጭር ማለቱ ደስ አላለኝም። ወደ ቡሬ ስንቃረብ የእኛዎቹ ዶሮዎች አፋቸውን ከፍተው ማለክለክ ጀመሩ። ዋርካ ጥላ ሥር አወረድናቸው። ወሩ ጾም ነው፤ መሪጌታ እሳቸው ውሃ ሳይቀምሱ ከቅሉ በመዳፋቸው እየቀዱ አጠጧቸው። ብዙነሽ ግን አልቀመጥ አለች።

«ሳይሞቱብኝ ልድረስ» ብላ ቀድማን ሄደች።

እሷ ከዓይናችን ከተሰወረች በኋላ ጠመንጃ ያነገተ ባንዳ ከቡሬ በኩል ብቻውን መጣ። ቅርጫቱን አየ፤ የአማቴን ጥምጥም አየ።

«የኔታ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ጦር ሰፈሩ። ዶሮ አድርሱ ተብለን።»

ዞር ብሎ የመጣበትን መንገድ ተመለከተ። «እነዚህ ዶሮዎች በዚህ ፀሐይ ቡሬ አይደርሱም» አለ። «ቢደርሱም ከገቡበት አይወጡም። የሚስማማቸው ደጋ ነው።» ከዚያ አልፎን ሄደ።

እኔ አህያውን ልጭን ተነሣሁ። መሪጌታ እጄን ያዙኝ።

«ተቀመጪ ልጄ። ሰውየው ስለ ዶሮ አይደለም የተናገረው። በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ነው።»

«ብንቀር ቤቱን ያቃጥሉብናል፣ አባባ።»

«ቤቱ ይቃጠል።»

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከቡሬ የሚሸሹ ገበያተኞች ደረሱ። ጣሊያኖቹ ዶሮ ያመጡትን ሁሉ ጦር ሰፈሩ ግቢ አስገብተው በሩን እንደ ዘጉባቸው ነገሩን። የተጠራነው የአርበኛ ቤተሰቦች ብቻ ነበርን። ቤታችን ሳንመለስ በዚያው ደጋ ላይ ወዳለችው ፈረስ ቤት፣ ዘመዶቻችን ዘንድ ወጣን። ዶሮዎቹም አንድም ሳይሞት አብረውን ደጋ ገቡ።

ብዙነሽ አልተመለሰችም። የት እንደ ወሰዷት የነገረን የለም።

ያ ሰው ማን እንደ ነበር አላወቅሁም። ሰዎች ባንዳን ሲረግሙ ስሰማ እኔ ዝም እላለሁ። ብዙነሽ ትዝ ስትለኝ ግን፣ ምነው ትንሽ ቀደም ብሎ በመጣ እላለሁ።