አባቴን ቻናል ላይ የገደለው ሰው

አባቴ አልሞተም። ይህን መጀመሪያ ላይ የምጽፈው ወድጄ አይደለም፤ እስከ ዛሬ ገበያ መሀል አስቁሞ "ነፍስ ይማር" የሚለኝ ሰው ስላለ ነው። አባቴ ሰበታ፣ ቤታችን ደጃፍ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። የገደለው አንድ ጸሐፊ ነው፤ ያውም በጥሩ ዓረፍተ ነገር።

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተሰባሰብን መጻፍ የምንወድ ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ ነበረን። መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ ፋብሪካ ፈረቃ የሚገባ አለ፤ እኔ ኮፒ ቤት የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ። "ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ" እያልኩ ከዋልኩ በኋላ የራሴን ነገር መጻፍ ለእኔ ፊት እንደመታጠብ ነው። የጻፍነውን እንለጥፋለን፤ ሌላው ያነባል፣ ያርማል፤ አንዳንዱም ሳያነብ "ብዕርሽ ይባረክ" ብሎ ያልፋል። አድሚናችን የሱሉልታ ሰው ነው። ድምፁ ወፍራምና ለጆሮ የሚጥም ስለሆነ የወደደውን ጽሑፍ ይመርጥና፣ ከሥሩ ዋሽንት አስገብቶ፣ በራሱ የትረካ ቻናል ላይ ይለቀዋል። እሱ ዘንድ መመረጥ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር። ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

የተመረጠልኝ ስለ አባቴ የጻፍኩት ነው። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማሽን መካኒክ ነበር። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ አንደበቱም ተይዟል። ግን ጠዋት ጠዋት ሱሪው ተተኩሶ፣ ጫማው ተወልውሎ ካላደረግንለት በምልክትም ቢሆን ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የፋብሪካውን ሰርቪስ ይጠብቃል። ሰርቪሱ ያልፈዋል። ጽሑፉን የጨረስኩት "ነገም ጫማውን አደርግለታለሁ" ብዬ ነበር።

አድሚኑ ይህን አልወደደውም። ግሩፓችን ውስጥ ድሮም ሰው የማይሞትበት ጽሑፍ ብርቅ ነው። ሳይጠይቀኝ የእኔን መጨረሻ ቆረጠና የራሱን ቀጠለበት፤ "አንድ ጠዋት ሰርቪሱ ሲያልፍ ደጃፉ ላይ የነበረው ጫማው ብቻ ነው።" በቃ። ዋሽንት። ከላይ "በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ" ይላል፤ የብዕር ስሜ አለ፤ ሰበታም ሰበታ ተብላ ቀርታለች። የሚያናድደው ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ማማሩ ነው።

ከዚህም የባሰ የሚያናድደኝ አለ፤ እሱ ግን የራሴ ጉድ ነው። ትረካውን የሰማሁት ገና እንደወጣ ነው። ደሜ ፈላ። "አሁኑኑ አጥፋው" ብዬ ጻፍኩ፤ ግን አልላክሁትም። ከሥር አስተያየት እየጎረፈ ነበር። "አለቀስኩ።" "ሥራ ቦታ ሆኜ አለቀስኩ።" "ይህች ጸሐፊ ማናት?" ይህች ጸሐፊ ማናት! አባቴ ከጎኔ በግራ እጁ ሾርባውን እየጠጣ፣ እኔ በሞቱ ስንት ሰው እንዳለቀሰ አይ ነበር። ሁለት ቀን ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን እህቴ ደወለች። እህቴ ዓረብ አገር ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ልብስ ስትተኩስ ጆሮዋ ላይ ትረካ ሰክታ ነው የምትውለው፤ የብዕር ስሜንም ታውቃለች።

"መቼ ቀበራችሁት?" አለችኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ሳቅሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደንግጬ ነው የሳቅሁት። "አንቺ ደግሞ! አባዬ እኮ ደህና ነው። ተኝቶ ነው" አልኳት።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። እናታችን የሞተች ጊዜ ስምንት ወር ደብቀናታል። ሰው አገር ብቻዋን መርዶ አትስማ፣ መጥታ በዘመድ መሀል ትረዳ ብለን፣ እንደ ወጉ። ስምንት ወር ሙሉ በደወለች ቁጥር "ደህና ናት፣ ተኝታ ነው"፣ "ደህና ናት፣ ጸበል ሄዳ ነው" ያልኳት እኔ ነኝ። ስዋሽ ድምፄ እንዴት እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ እውነት ስናገርም ያው ድምፅ ነው ያለኝ።

"ያኔም ተኝታ ነው ብለሽኛል" አለችና ዘጋችው።

በቪዲዮ ደወልንላት። ስልኩን አባቴ ፊት ደገንኩ፤ ኔትወርኩ የእኛን ቤት ሊያፈርስ የተማማለ ይመስል፣ ምስሉ ድርቅ ብሎ ቀረ፤ የአባቴ ዓይን ግማሽ እንደተከደነ። "ፎቶ ታሳዩኛላችሁ?" ብላ ጮኸች። ቪዲዮ ቀርጬ ላክሁላት፤ "የድሮ ነው" አለች። እንደገና ደውለን "አባዬ፣ ግራ እጅህን አንሳላት" ብንለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲያዙት ድሮም አይወድም። ምክንያቱን አልነገርነውም፤ ሰውን "ሞተሃል ተብሏል" ይሉታል?

የአባቴ የፋብሪካ ጓደኛ የሆኑት ጎረቤታችን መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ነው የሚላቸው። ስልኩን ተቀበሉኝና "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዋቃ ምስክሬ ነው፤ አባትሽ ይኸው አጠገቤ አለ" አሏት። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል።

"አንቱም የእማዬ ጊዜ እንዲሁ ነበር ያሉኝ" አለቻቸው።

ሽማግሌው ስልኩን መለሱልኝ፤ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። እውነቷን ነበር።

በማግስቱ ሱሉልታ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ፣ ከታክሲ ታክሲ እየቀየርኩ፣ የምሰድበውን ስድብ በልቤ ስደረድር ነበር። አድሚኑ ግድግዳዋ ላይ ብርድ ልብስ የተቸነከረባት፣ ድምፁን የሚቀርጽባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀበለኝ። ወንበር ሰጠኝ፣ ለስላሳ አስመጣልኝ። ሰው ትሁት ሲሆን መሳደብ እንዴት ይከብዳል!

"አባቴን ለምን ገደልከው?" አልኩት።

"እህቴ፣ እኔ የገደልኩት ገጸ ባሕሪውን ነው" አለኝ።

"ገጸ ባሕሪህን ዛሬ ጠዋት ቁርስ አብልቼው ነው የመጣሁት!"

"ይገባኛል። ግን የአንቺ መጨረሻ መጨረሻ አይደለም። አድማጩ እንባውን ይዞ የት ይሂድ?"

የእህቴን ነገር ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ልቤ ትንሽ ለዘብ አለ። ከዚያ ቀና አለና "ይሄ ራሱ እኮ ታሪክ ነው" አለኝ። "ክፍል ሁለት አድርገሽ ጻፊልኝ። ሕዝቡ ያብዳል።"

ለስላሳውን ሸሚዙ ላይ አልደፋሁትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አጥፋው ብለው እንቢ አለ፤ በቻናሉ እንደዚያ የተሰማ ትረካ ኖሮት አያውቅም። ስንጨቃጨቅ ቆይተን ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረልኝ፤ "የጸሐፊዋ አባት በሕይወት አለ።" የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ማለት ይሄ ነው። አድማጩ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አዎ፣ አባት በልጁ ልብ ውስጥ አይሞትም።" "ፈጣሪ ያጽናሽ።" ሁለት ዓመት ጽሑፌን ስታርምልኝ የኖረችው የቡራዩዋ ነርስ ሳትቀር "እንዴት ያለ ጥልቅ መዝጊያ!" ብላ ጻፈች። እኔን ታውቀኛለች፤ አባቴን ስትሮክ የመታው ጊዜ ምን እንደማደርግ የነገረችኝ እሷ ነበረች። አንድ ጊዜ ደውላ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ከግሩፑ ወጣሁ። "ለምን ወጣሽ?" ያለኝ አንድ ሰው የለም።

ሳምንት ሳይሞላ እህቴ መጣች። ኮንትራቷን ሳትጨርስ፣ ለማንም ሳትነግር። ከታክሲ ስትወርድ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ ያንን ወገቧ ላይ የሚደርስ ፀጉሯን ተላጭታ ነበር። "ወይኔ! ወይኔ! ሳልቀብርህ!" እያለች ደረቷን እየደቃች ገባች። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። አባቴ ወንበሩ ላይ ነበር። ስታየው ጩኸቷ አፏ ውስጥ ቀረ። እግሩ ሥር ወደቀች፤ ጉልበቱን አቅፋ ሌላ ዓይነት ልቅሶ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ተመስገን፣ በዚሁ አለቀ ብዬ ነበር።

አባቴ ግን የተላጨውን ራሷን በግራ እጁ ዳሰሰ። ጥቁሩን ልብስ አየ። በሩ ላይ የተሰበሰበውን ጎረቤት አንድ በአንድ አየ። ማን እንደጎደለ እየፈለገ ነበር። ከዚያ ግራ እጁን አነሣና ባዶው አየር ላይ መሪ አዞረ። ታላቅ ወንድማችን የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ከወጣ አሥር ቀን ሆኖት ነበር። አባቴ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል መሪውን ደግሞ አዞረ።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። በረሃው ላይ ኔትወርክ አልነበረም፤ በማግስቱ ራሱ ደውሎልናል፣ አንድ ነገር አልሆነም። ያን ሰዓት ግን ስልኩ አልሠራም።

"ደህና ነው አባዬ" አልኩት። "መንገድ ላይ ነው።"

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ፤ እንባው በጉንጩ ወረደ። እህቴ ከመሬት ቀና ብላ አየችኝ። እሷም አላመነችኝም።