ሁለት አተር በአንድ ቅርፊት

ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ «አንቺን እኮ ከገበያ ነው የገዛንሽ» እያለ ያስለቅሰኝ ነበር። እሱ ቁርጥ አባታችንን ነው፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ ቁርጥ እናታችንን። እኔ ግንባረ ሰፊዋና ፍንጭቷ ግን ማንንም አልመስልም። እናቴ «ተዪው፣ ሲያሾፍብሽ ነው» ብላ ታልፈዋለች፤ ያኔ ግን ለእኔ ቀልድ አልነበረም፤ የእነሱ ልጅ መሆኔን ከልቤ ተጠራጥሬ ነበር።

በአንድ ጊፋታ፣ ዘመድ አዝማዱ ለአዲስ ዓመታችን በሚሰበሰብበት ሰሞን፣ የአያቴ ታላቅ ወንድም ቦምቤ ከምትባል የገጠር ከተማ መጡ። ተረት አዋቂነታቸውን ስሰማ አደግኩ እንጂ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ያን ምሽት መብራት ጠፍቶ ሁላችንም እሳቱን ከበን፣ ቤቱን የጭስና የቅቤ ሽታ ሞልቶት ሳለ፣ ሽማግሌው ገና ከመቀመጣቸው ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«አስቴር! ባልሽ ደህና ነው? ላሚቱስ ወለደች?»

አስቴር ማለት ገሱባ ከተማ የተዳረችው የአባቴ እህት ናት፤ እሷንም አላውቃትም። ትልቅ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ ማቋረጥ ነውር ስለሆነ፣ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ብሆንም አንገቴን ደፍቼ ስለ ባሌም ስለ ላሜም «ደህና ናቸው፣ ጌታ ይመስገን» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

አባቴ እንባውን እየጠረገ «ኧረ አባባ፣ ይቺ የኔ ልጅ ናት!» አላቸው።

ጠጋ ብለው አዩኝ። «ታዲያ የአስቴርን ፊት ማን ሰጣት?»

የጅብና የጦጣ ተረት ስንጠብቅ፣ እሳቸው የአክስቴን ልጅነት ያወሩልን ጀመር፤ እንሰት ቅጠል ላይ ተቀምጣ ቁልቁለቱን ስትንሸራተት ምንጭ ውስጥ መግባቷን፣ በፍንጭቷ እያፏጨች ከብቶቹን ማስበርገጓን። እኔ ጥርሴን ሳልከድን አዳመጥኩ። ወንድሜ እንኳ ቀንቶ «እኔስ አባባ፣ ማንን እመስላለሁ?» እያለ ሲያደርቃቸው አመሸ።

ዛሬ ሶዶ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እንግሊዞች በጣም ለሚመሳሰሉ ሰዎች «በአንድ ቅርፊት ውስጥ ያሉ ሁለት አተሮች» ይላሉ፣ እኛ «ቁርጥ እሷን» እንደምንለው ነው ብዬ አስረዳለሁ። ተማሪዎቼም ስለ መንትዮች፣ ስለማይለያዩ ጓደኛሞች ዓረፍተ ነገር ይሠሩበታል። ልክ ናቸው፤ አባባሉ የተነገረው ስለ አተሮቹ መመሳሰል ነው። ያን ምሽት እኔን ያስፈነደቀኝ ግን አክስቴን መምሰሌ ብቻ አልነበረም፤ ለካ እኔም የወጣሁበት ቅርፊት አለኝ።