መቅመቆ የጠጣሁበት ጾም

መጀመሪያ የያዘኝ ማጅራቴን ነው። ሞላሌ ገበያ ተቀምጬ ለባና፣ ለሱፍ ብርድ ልብሳችን፣ የሚሆን የተፈተለ የበግ ፀጉር እየመረጥኩ ነበር። ቀና ስል አንገቴን ከኋላ ጨምድዶ ያዘኝ። ጆሮዬ ጮኸ። ከዚያ አፍንጫዬ ደማና ደሙ ነጩ ፀጉር ላይ ተንጠባጠበ። ባለ ፀጉሯ "አበላሸሽብኝ!" ብላ ጮኸችብኝ፤ እኔም ጮኼ መለስኩላት። ስንጨቃጨቅ ደሙ ቆመና ረሳሁት።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ የደም ግፊት ላለባችሁ፣ ጓሮ የበቀለውን ሥር ለምትጠጡና ለሐኪም ለማትናገሩ ነው። ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ከቁጣው ግማሹ በራሴ ላይ ነው።

ጤና ጣቢያ የሄድኩት አፍንጫዬ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደማ ነው። ነርሷ ሁለት ጊዜ ለካችኝና አምሎዲፒን የሚባል ኪኒን በየቀኑ አንድ እንድውጥ አዘዘችልኝ። "ደህና ሆንኩ ብለው እንዳያቆሙት፣" አለችኝ። አንድ ወር ዋጥኩ። የማጅራቴ ሕመም ለቀቀኝ፤ እግሬ ግን አበጠ። ከሰዓት በኋላ ጫማዬ አልገባ ይለኛል። ይህ ኪኒን አንዳንድ ሰው ላይ እግር እንደሚያሳብጥ፣ ሲያሳብጥም በሌላ እንደሚለወጥ የተነገረኝ ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ ተመልሼ ብጠይቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ አኩርፌ ኪኒኑን ሣጥን ውስጥ ወረወርኩት።

እማሆይ ወለተ ሥላሴ በደብራችን ቅጥር ሥር ባለች ጎጆ የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። የመድኃኒት ዕውቀታቸውን የወረሱት ከአባታቸው ነው። ሥርዓታቸው ጥብቅ ነው። የሥሩ ስም አይጠራም፤ ምንነቱ አይጠየቅም። ሲቀበሉም "እግዜር ይስጥልኝ" አይባልም፤ በእኛ ዘንድ ምስጋና መድኃኒቱን ያረክሰዋል፣ ኃይሉን ይወስደዋል ይባላል። ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ መሄድ ብቻ ነው። ከሁዳዴ በፊት ሄጄ ማጅራቴን አሳየኋቸው። የተወቀጠ ቀላ ያለ ሥር በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ።

"ሰባት ቀን፣ በቡና ሲኒ አንድ፣ በወተት። ከሰባት እንዳታሳልፊ፣" አሉኝ።

ቋጠሮውን ስፈታ ገና ምን እንደሆነ አወቅሁት። መቅመቆ ነው። ቅቤ ስናነጥር ቢጫ እንዲሆንልን የምንጨምረው፣ ገበያ ላይ በክምር የሚሸጠው፣ አጥሬ ሥር ቅጠሉን ዘርግቶ የሚበቅለው ያው መቅመቆ። ዘመዶቹንም አውቃለሁ። የቱልትን ሥር ሆዳችንን ሲቆርጠን እናኝካለን፤ ወደ መርሐቤቴ ቆላ ስንወርድ ደግሞ የእምቧጮን ለጋ አገዳ ልጠን ለኮምጣጣነቱ እንበላለን። ከሦስቱ ለግፊት የሚታመነው መቅመቆ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ እንዳላወቀ ሰው ሆንኩ። ሥርዓቱ እንዲያ ነዋ።

ሰባቱን ቀን በወተት ጠጣሁ። ራሴ ቀለለኝ። የእግሬም እብጠት ጎደለ፤ የጎደለው ኪኒኑን ስለተውኩ ነው፣ እኔ ግን ውለታውን ሁሉ ለሥሩ ሰጠሁት። ከሰባት እንዳታሳልፊ የተባልኩትን ትቼ ልቀጥል አሰብኩ፤ መድኃኒቱ ባለቀ በሁለተኛው ቀን ግን ሁዳዴ ገባ።

ባለቤቴ ቄስ ታደሰ ይባላሉ። የቄስ ሚስት በሁዳዴ ወተት አትቀምስም፤ ለመድኃኒት ነው ብዬ የነፍስ አባቴን ማስፈቀድ እችል ነበር፣ ኩራቴ አልፈቀደልኝም። እማሆይን ልጠይቅ? መድኃኒት አይጠየቅም። ስለዚህ የራሴን ጥበብ አመጣሁ። ከአጥሬ ሥር ቆፈርኩ፣ ወቀጥኩ፣ በውሃ አፈላሁ። ወተት ስለሌለው ይደክማል ብዬ በሲኒ የነበረውን በብርጭቆ አደረግሁት። ከቅዳሴ መልስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ውሃ እንኳ ሳይነካው በዋለ ሆዴ፣ እህል ከመቅመሴ በፊት እጨልጠዋለሁ። በየቀኑ። አምስት ሳምንት።

ከዚያ እህል ሸተተኝ። አፌ ብረት ብረት አለኝ። ጠዋት ስነሳ ፊቴ ያብጣል። ጎኔን ያመኛል። ሽንቴ አነሰ። ከዚያ ቀረ። አንድ ቀን። ሁለት ቀን።

ቄስ ታደሰ ደግፈው አውቶቡስ ላይ አወጡኝ። ከተማ ሆስፒታል ስንደርስ ደም ወሰዱ። ክሪያቲኒን የሚባል ነገር አለ፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። የእኔ ስምንት ገብቷል፤ ከአንድ ብዙ ማለፍ አልነበረበትም። ወረቀቱ ላይ "አኪዩት ኪድኒ ኢንጁሪ" ብለው ጻፉ፤ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ማለት ነው።

ጠና ያሉት ሐኪም አልጋዬ አጠገብ ቆሙ። "ኩላሊትዎ ሥራ አቁሟል። ምን ወሰዱ? የባህል መድኃኒት ጠጥተዋል?"

"ምንም፣" አልኩ።

አብሯቸው ያለው ወጣት ሐኪም ወደ ሌላው አልጋ እየዞረ፣ "ቅጠላቸውን ጨልጠው ይመጡና ሁሉም ምንም ነው የሚሉት፣" አለ። ሰማሁት። እንድሰማው ነው ያለው። ያን ጊዜ አፌን ጨርሼ ዘጋሁ። አንድም ስሙ አይጠራም፤ አንድም ለዚህ ልጅ አልነግረውም ብዬ እልህ ያዝኩ። ኩላሊቴ እየሞተ እኔ እልህ እጋባለሁ።

ሦስት ቀን ጠየቁኝ። ሦስት ቀን "ምንም" አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠና ያሉት ሐኪም ባለቤቴን ጠርተው፣ "መንስኤውን ካላወቅን በጨለማ ነው የምንሄደው። ከኩላሊቷ በመርፌ ናሙና ሳያስፈልገን አይቀርም። በሁለት ቀን ውስጥ ሽንት ካልመጣ ለዲያሊሲስ አዲስ አበባ እንልካታለን፣" አሏቸው። ዲያሊሲስ ደምን በማሽን ማጠብ ነው። ፈራሁ። አሁንም አልተናገርኩም።

የተናገሩት ቄስ ታደሰ ናቸው፤ ለሐኪሙ ሳይሆን በስልክ ለደብሩ። ማሰሮው ውስጥ ያለውን ቀይ ውሃ ስንት ጊዜ አይተው ዝም ብለውኛል። በማግሥቱ ረፋድ ላይ እማሆይ ወለተ ሥላሴ መቋሚያቸውን ይዘው ክፍሉ ገቡ። ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ሥር ፈትተው ከነቅጠሉ፣ ከነአፈሩ አልጋዬ ላይ፣ ሐኪሞቹ ፊት አኖሩት።

"መቅመቆ ነው፣" አሉ። "የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሰባት ቀን በወተት ነው ያልኳት። ስንት ቀን እንደጠጣች ጠይቋት።"

አባታቸው እንዳይጠሩት ያስማሏቸውን ስም ስንት ሰው በተኛበት ክፍል ጠሩት። እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

"አምስት ሳምንት፣" አልኩ።

"በወተት?" አሉ ሐኪሙ።

"በሁዳዴ?" አልኳቸው። ያን ጊዜም ትዕቢቴ አልለቀቀኝም።

ሐኪሙ አልሳቁም። ሥሩን አንስተው አገላብጠው አዩት። "እንዲህ ያለ ኮምጣጣ ተክል ኦክሳሌት የሚባል ነገር አለው። ወተት ሲኖር ብዙውን የወተቱ ካልሲየም አንጀት ውስጥ ይይዘውና በሰገራ ይወጣል። ወተት ከሌለ ወደ ደም ይገባል፤ ውሃ በጠማው ኩላሊት ላይ እንደ አሸዋ ይቀመጣል። ከነወተቱም ቢሆን ለሁሉ ሰው ደህና ነው አልልም።" ከዚያ ወደ መነኩሲቷ ዞሩ። "እማሆይ፣ ወተቱን ማን አስተማርዎ?"

"አባቴ።"

ሐኪሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወጣቱ ሐኪም ደግሞ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። መንስኤው ከታወቀ በኋላ ስለ ናሙናው ያነሳ የለም። ግሉኮሱን ጨመሩልኝ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን እየለኩ ጠበቁኝ። በማግሥቱ ሸናሁ። ትንሽ ነበር፤ አለቀስኩ። ይህን መጻፍ ነውር ነው የምትሉ ካላችሁ እንደ እኔ ለቀናት ሳትሸኑ ቆዩና እንነጋገራለን።

ከዚያ በኋላ መዳኑ እንደ መታመሙ አልፈጠነም፤ ክሪያቲኒኑ ከስምንት ወደ ስድስት፣ ከስድስት ወደ አራት እየወረደ ፋሲካ እዚያው አልጋ ላይ አለፈኝ፣ ወደ ቤቴም የተመለስኩት እግሬን በማያሳብጥ ሌላ የግፊት ኪኒንና በየሁለት ሳምንቱ ደም ተመርመሪ በሚል ትእዛዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበር እስከ አጥር ሄጄ አርፍ ነበር፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል ግን እስከ ገበያው በእግሬ ደረስኩና ያችን ባለ ፀጉር አግኝቼ፣ ደሜ ያበላሸባትን እያነሳን ስንከራከር፣ ድምፄ እንደ ድሮው ሲወጣ ሰምቼ ደስ አለኝ።

አገሩ ግን በወሬ ጠበቀኝ። እማሆይ ስሙን ስለጠሩ መድኃኒታቸው ረክሷል ተባለ። ደጃቸው ላይ ይሰለፍ የነበረው ሰው መንገድ ቀየረ። በሌላ በኩል ወጣቱ ሐኪም ከሆስፒታል ስወጣ፣ "ሥር ሁሉ መርዝ ነው፣ ሁለተኛ እንዳይነኩ፣" ብሎኛል። ሁለቱንም አልቀበልም! እኔን የጣለኝ የእማሆይ ሲኒ ሳይሆን የእኔ ብርጭቆ ነው፤ ከብርጭቆውም በላይ ዝምታዬ ነው። ገበያ ላይ በክምር የሚሸጥ ነገር ምስጢር ነው ብዬ ልሞት ነበር።

በማርያም ማኅበራችን ጽዋው ከመዞሩ በፊት ተነሳሁና "መቅመቆ!" አልኩ። ሦስት ጊዜ። "ስሙ ሲጠራ የሚረክስ ከሆነ በእኔ ይርከስ፤ እናንተ ግን ለሐኪም ንገሩ።" አንዲቱ ነጠላዬን ጎትታ ልታስቀምጠኝ ሞከረች። አልተቀመጥኩም። ስንበተን ሦስት ሴቶች ጥግ ይዘው ቆዩኝ። አንዷ ከስኳር ኪኒኗ ጋር ትጠጣዋለች፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። ሁለቱን በማግሥቱ ይዤያቸው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሦስተኛዋ እምቢ ብላለች፤ እየተመላለስኩ እጨቀጭቃታለሁ።

ለእናንተም የምለው ይኸው ነው። ኪኒን ካስቸገራችሁ ለሰጣችሁ ሰው ንገሩ እንጂ አትጣሉት። ሥር ከጠጣችሁ ስሙን፣ መጠኑን፣ ስንት ቀን እንደሆነ ለሐኪም ንገሩ፤ ቢቆጣም ንገሩት። ሽንታችሁ ካነሰ፣ ፊታችሁ ካበጠ አንድ ቀን አታሳድሩ። ሐኪሞችም ብትሆኑ፣ እንደዚያ ልጅ ከተናገራችሁን አንነግራችሁም። እኛም እንሞታለን፣ እናንተም ምክንያቱን አታውቁትም።

ሐኪሞቹንና ነርሶቹን ስወጣ አመስግኛለሁ። ቄስ ታደሰንም እንደሚገባ ባይሆንም አመስግኛለሁ። አንድ ቀርቶኝ ነበር።

እማሆይ ጎጆአቸው ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው፤ ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም። እጃቸውን ሳምኩና "እማሆይ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣" አልኳቸው። እንደ ልማዳቸው አፌን ሊከድኑ እጃቸውን አነሱ። ከዚያ መለሱት።

"አባቴ ከሞቱ ጀምሮ ይህን ሁሉ ሰው ሰጥቻለሁ፣" አሉኝ። "እንዲህ ያለኝ አንድ ሰው የለም። እስቲ ድገሚው።"

ደገምኩላቸው።