የአናጢው ሞተርሳይክልና ዶሮዋ
የአናጢው ሚስት መንዳት የተማረችበት የአባቷ ሞተርሳይክል ጓሮ ተጥሎ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ነበር። አናጢው አንድ ቀን ወኔ መጣበትና ዝገቱን ፈግፍጎ፣ ሞተሩን ፈታትቶ ገጥሞ፣ ደማቅ ቀይ ቀለም ቀባው። ዶሮዋ ግን ከኋላ ወንበሩ አልነሳም አለች። ባወረዳት ቁጥር ተመልሳ ጉብ! አንጀቱ አልችል ቢለው እዚያው ላይ ባለ ጣሪያ ሳጥን ሠራላት።

ሚስቱ እናቷን ልትጠይቅ ሽክ ብላ ወጣች።

«ለዶሮ ቤት ሠርተህ እኔን የት ልታስቀምጠኝ ነው?»

«እንቁላል ታቅፋለች እኮ፣ የኔ እመቤት! ትንሽ ቀን ታገሺ።»

ሚስት ሆዬ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከፊት ተፈናጠጠችና አስነሳችው።

«እንግዲያው አንተ በእግርህ ድረስ!»

ያን ያህል የለፋላት ዶሮ እንኳ አንገቷን ከሳጥኑ ብቅ አድርጋ አየችው እንጂ «ና» አላለችውም።