የማዕበሉን ፍቺ ፍለጋ ወደ ዘመሮ

እኔና ባለቤቴ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የበልግ ገብስ ማስገባት ነበር። ቀኑ የሰኔ ሚካኤል ነው፤ በአገራችን በዓል የሻረ ሰው በረዶ ያመጣል ይባላል። ደመናው ሲጠቁር ግን ነዶው እንዳይበሰብስብን ፈራን። «በቃ እንግባ» አለኝ። «አንድ ሸክም ብቻ ቀረ» አልኩት። ለዚያች ሸክም ሲመለስ መብረቅ መታው።

ከቀብሩ በኋላ ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ «ነቢያት የተናገሩት የቁጣ ማዕበል ይኸው ነው፤ ያ ገብስም ለተዝካር አይሆንም» አሉ። መጽሐፉን ገልጬ አነበብኩ፤ እውነትም ማዕበል በኃጢአተኛ ራስ ላይ ይወርዳል ይላል። አንድ ሸክም ቀረ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አርባው ሳይደርስ የብሉይ መምህር ወዳሉበት ወደ ዘመሮ ተነሣሁ።

ጠዋት፣ ከመሐል ሜዳ

አይሱዙ ላይ ከጆንያ ጋር ተጫንን። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። አጠገቤ ባና የደረቡ ሴት በግ ታቅፈዋል።

«በጓ አልከበደችዎትም?»

«ከባሌ ትቀላለች። እሱን በእግርህ ና ብዬ ትቼዋለሁ።»

ከሐዘኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ጉሙ ሲገለጥ ከገደሉ አፋፍ ድረስ የታረሰ ጥቁር መሬት ታየ። ባለቤቴ ቢያየው ወርዶ አፈሩን በእጁ ይዘግን ነበር።

ከቀትር በኋላ፣ ዘመሮ

መምህሩ ደጃፋቸው ላይ በሶ ይበላሉ፤ ለእኔም አካፈሉኝ። ነገሬን ሰምተው ሲጨርሱ ጠየቁኝ።

«ከመብረቁ በፊት ማን ተልኮ ገሠጻችሁ?»

«ማንም፣ የኔታ።»

«በነቢያቱ ዘንድ ከማዕበሉ በፊት ተመለሱ የሚል ይላካል። ሕዝቅኤል በረዶ ይወርድባችኋል ያለው እነማንን ነው?»

«አላውቅም።»

«እግዚአብሔር ሳይናገር ተናገረ የሚሉትን። በጭቃ የመረጉት ግድግዳቸው ይፈርሳል አላቸው።»

ይህን ሁሉ የሚናገሩት መጽሐፍ ሳይገልጡ ነው።

«እንግዲያው በረዶው የሚወርደው በእትዬ በላይነሽ ላይ ነዋ!» አልኩ።

ሳቁ። «ይኸው፣ አንቺም መምረግ ጀመርሽ!»

«ታዲያ መብረቁ ለምን መጣ?»

«አልተነገረኝም፣ ልጄ። ያልተነገረኝን አልናገርም።»

ያን ያህል የተማረ ሰው «አላውቅም» ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከሰማሁት ማጽናኛ ሁሉ በእግሬ ያቆመኝ ይህ ነው።

በማግስቱ፣ ቤቴ

እትዬ በላይነሽ በር ላይ ጠበቁኝ።

«የበዓሉ ቁጣ ነው አሉሽ?»

«አልተነገረኝም አሉ።»

«የብሉይ መምህር ሆነው?»

«አዎ።»

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አደገደጉ። «በይ ሙቀጫውን አምጪ» አሉኝ።

አሁን ሁለታችን ባለቤቴ ያስገባውን ገብስ ለተዝካሩ እየፈተግን ነው።